ከፓኪስታን ታሪክ ለጀመዓችን፦ ማንነት፣ ስደትና ምኞት

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ ይገባው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።



ባለፈው ወር አንድ ቀን ከዒሻ ሰላት በኋላ በዶርማችን ውስጥ ሁለት ክርክሮች ተነሡ። የመጀመሪያው የሐልቃችን ደርስ በየትኛው ቋንቋ ይሰጥ የሚል ነበር። አንዱ ወንድም «ሁላችንም ሙስሊም ነን፤ ቋንቋ ምን ያደርጋል? ሁሉም በሚችለው እንቀጥል» አለ። ሌላው ደግሞ «ሁሉም የሚችለው የምትለው አንተ የምትችለውን ነው» ብሎ መለሰለት። ከዚያ በኋላ ክፍሉ ዝም አለ። ሁለቱም እስካሁን ድረስ በደንብ አይነጋገሩም።

ሁለተኛው ክርክር የእኛ የተመራቂዎቹ ነበር፤ ስንጨርስ እዚሁ እንሥራ ወይስ እንውጣ? አጎቴ ከሪያድ እየደወለ «ዲግሪህን ይዘህ ና፣ እዚያ ምን ትጠብቃለህ?» ይለኛል። እናቴ ግን ስለዚህ ጉዳይ ስጠይቃት «አላህ የሚሻለውን ይምረጥልህ» ብላ ወሬ ትቀይራለች። በዚያ ምሽት አንድ ጓደኛችን «ፓኪስታኖቹን አታዩም? በገልፍ ሹፌሩም መሐንዲሱም እነሱ ናቸው፤ ወጥተው ነው ሰው የሆኑት» አለ። ይህች ንግግር አስር ቀን ያህል አስነበበችኝ። ያገኘሁት ነገር ለሁለቱም ክርክሮች የሚጠቅም ስለመሰለኝ እንዲህ አቀርበዋለሁ።

ፓኪስታን ለእኛ ጭራሽ እንግዳ አገር አይደለችም። በልጅነቴ ቁርኣን በምቀራበት መስጂድ ለደዕዋ የመጡ ፓኪስታናውያን ሦስት ቀን ተቀምጠው ነበር። ከእነሱ አንዱ ሽማግሌ ለኡስታዛችን በዐረብኛ «እኔ ፓሽቱን ነኝ፣ ይህ ወንድሜ ፑንጃቢ ነው፤ የምንግባባው ግን በዑርዱ ነው፤ ዑርዱ ደግሞ የሁለታችንም የእናት ቋንቋ አይደለም» ማለታቸውን ኡስታዛችን ተርጉሞልን ነበር። ያኔ አስቆን ነበር። አሁን ግን የዚያን አገር ታሪክ ግማሹን የነገሩን ይመስለኛል።

1. አገሪቱ እንዴት ተመሠረተች?

ሕንድ በእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ሥር በነበረችበት ጊዜ ሙስሊሞቹ ከአጠቃላዩ ሕዝብ አንድ አራተኛ ያህል ነበሩ። ነጻነት ሲቃረብ በብዙኃኑ ሥር መብታችን እንዴት ይጠበቃል የሚል ጥያቄ ተነሣ። ገጣሚውና ፈላስፋው ሙሐመድ ኢቅባል እ.ኤ.አ. በ1930 በአላሃባድ ባደረገው ንግግር በሰሜን ምዕራብ ሕንድ የሙስሊሞች አስተዳደር እንዲኖር ሐሳብ አቀረበ። «ፓኪስታን» የሚለውን ስም ግን ያወጣው እንደ እኛ ተማሪ የነበረ ሰው ነው። ቾውድሪ ረሕማት ዐሊ በካምብሪጅ ሳለ እ.ኤ.አ. በ1933 ባሳተመው በራሪ ጽሑፍ ስሙን ከግዛቶቹ ፊደላት ገጣጠመው፤ ከፑንጃብ፣ ከአፍጋን ግዛት፣ ከካሽሚር፣ ከሲንድና ከባሉቺስታን። «ፓክ» ደግሞ በዑርዱና በፋርስኛ ንጹሕ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ቆም ብለን አንድ ነገር እናስተውል። በዚህ ስም ውስጥ ቤንጋል የለም። አገሪቱ ስትመሠረት ግን ከሕዝቧ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ቤንጋሊ ነበር።

እ.ኤ.አ. ኦገስት 14 ቀን 1947 ፓኪስታን በሙሐመድ ዐሊ ጂናህ መሪነት ተመሠረተች። ድንበሩ ሲሰመር ከአስር ሚሊዮን በላይ የሚገመት ሕዝብ ወዲያና ወዲህ ተሰደደ። ሙስሊሞቹ ወደ ፓኪስታን፣ ሂንዱዎቹና ሲኾቹ ወደ ሕንድ ሄዱ። በመንገድም እጅግ ብዙ ሰው ተገደለ። ከሕንድ የመጡት ዑርዱ ተናጋሪ ሙስሊሞች እስከ ዛሬ በካራቺ «ሙሃጂር» ተብለው ይጠራሉ። ቃሉን እናውቀዋለን። ወደ ሐበሻ ምድር የመጡት የመጀመሪያዎቹ ሶሐቦች የተጠሩበት ስም ነው።

2. አንድ እምነት፣ ሁለት ክንፍ

አዲሲቱ አገር ሁለት ክንፍ ነበራት። ምዕራብ ፓኪስታንና ምሥራቅ ፓኪስታን ይባላሉ። በመካከላቸው ከ1,500 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነ የሕንድ መሬት አለ። ያገናኛቸው እስልምና ነበር። መሪዎቹም ይህ ይበቃል ብለው አሰቡ።

እ.ኤ.አ. በማርች 1948 ጂናህ ዳካ ሄዶ የመንግሥት ቋንቋ ዑርዱ ብቻ እንደሚሆን ተናገረ። ሐሳቡ ክፉ አልነበረም፤ አንድ ቋንቋ አንድ ሕዝብ ያደርገናል ብሎ ነው። የሚገርመው ግን የራሱ የጂናህ የቤተሰብ ቋንቋ ጉጅራቲ እንጂ ዑርዱ አልነበረም። በመላው አገሪቱ ዑርዱን ከእናቱ አፍ የተማረው ከአስር ሰው አንድ እንኳ አይሞላም። ለቤንጋሊው ተማሪ ግን ውሳኔው ማለት የሥራ ፈተናውን፣ የፍርድ ቤት አቤቱታውንና የመንግሥት ደብዳቤውን ሁሉ በማያውቀው ቋንቋ መጻፍ ማለት ነበር።

እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 21 ቀን 1952 የዳካ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሰላማዊ ሰልፍ ወጡ። ፖሊስ ተኮሰባቸው፤ ሰዎችም ሞቱ። ዛሬ ፌብሩዋሪ 21 ዓለም አቀፍ የአፍ መፍቻ ቋንቋ ቀን ሆኖ የሚከበረው በዚህ ምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. በ1956 የወጣው ሕገ መንግሥት ለቤንጋሊ ቋንቋ እውቅና ሰጠ፤ ቁስሉ ግን አልዳነም። ሥልጣኑ፣ ጦሩና በጀቱ በምዕራቡ እጅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1970 ምርጫ የምሥራቁ ፓርቲ አዋሚ ሊግ አብላጫውን ወንበር ቢያሸንፍም ሥልጣን አልተሰጠውም። በማርች 1971 ጦሩ በምሥራቁ ሕዝብ ላይ ዘመተ። ሚሊዮኖች ወደ ሕንድ ተሰደዱ። ሕንድም በጦርነቱ ገባች፤ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 16 ቀን 1971 ምሥራቅ ፓኪስታን ባንግላዴሽ ሆነች።

ከዚህ የምንወስደው ምንድን ነው? አንዳንዶች «እምነት ሰውን አንድ አያደርግም ማለት ነው» ይላሉ። እኔ እንደዚያ አላነበብኩትም። ሁለቱ ክንፎች እንዲገናኙ ያደረገው እምነት ነበር። እንዲለያዩ ያደረጋቸው ግን ግፍ ነው። ወንድምነት ግፍን እንዲሸፍን ሲፈለግ ወንድምነቱም አብሮ ይወድቃል። «ሙስሊም ነህና ስለ ቋንቋህ አትጠይቅ» ማለትና «ሙስሊም ነህና መብትህ እንደ መብቴ ነው» ማለት እጅግ የተለያዩ ናቸው። በሱረቱል ሑጁራት አላህ ሰዎችን ሕዝቦችና ጎሳዎች ያደረጋቸው እንዲተዋወቁ መሆኑን ያስተምረናል። ሰው የሚተዋወቀው ደግሞ ያለውን ልዩነት ይዞ ሲቀርብ ነው። ሁሉም አንድ ዓይነት ከሆነ መተዋወቅ ለምን ያስፈልጋል?

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ባልደረቦቻቸውን ወደ አገራችን ሲልኩ ስለ ነጃሺ የጠቀሱት ነገር በእሱ ዘንድ ማንም የማይበደል መሆኑን ነው። ያኔ ነጃሺ ክርስቲያን ንጉሥ ነበር። ያስጠጋቸው ፍትሑ ነው። እንግዲህ በሌላ እምነት ላይ የነበረ ሰው በፍትሑ ሙሃጂሮችን ካስጠጋ፣ በአንድ ሰፍ የምንሰግድ እኛ በሐልቃ ቋንቋ እንዴት እንበዳደላለን?

3. ከዳካ የወጣው መሐንዲስ

የምህንድስና ተማሪዎች የፈዝሉር ረሕማን ኻንን ስም ሳንሰማ መመረቅ የለብንም። እ.ኤ.አ. በ1929 በዳካ አካባቢ ተወለደ። በ1952፣ ማለትም የዳካ ተማሪዎች በተገደሉበት ዓመት፣ በፉልብራይትና በፓኪስታን መንግሥት የትምህርት ዕድል ወደ አሜሪካ ሄደ። በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ በሦስት ዓመት ውስጥ ሁለት ማስተርስና ዶክትሬት ሠራ። ከዚያም ወደ ፓኪስታን ተመልሶ በካራቺ የልማት መሥሪያ ቤት ተቀጠረ። እዚያ ግን የጠበቀው የቢሮ አስተዳደር እንጂ የዲዛይን ሥራ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1960 ወደ ቺካጎ ተመለሰ።

በቺካጎ የሠራው ሥራ የረጃጅም ሕንጻዎችን ታሪክ ቀይሯል። ከእሱ በፊት የነበረው አሠራር የንፋስን ግፊት በሕንጻው ውስጥ በተሰደሩ ምሰሶዎችና አግዳሚዎች መቋቋም ነበር። ሕንጻው በረዘመ ቁጥር የሚፈጀው ብረት ከልክ በላይ ይጨምራል። ኻን ምሰሶዎቹን ወደ ውጨኛው ግድግዳ አውጥቶ አቀራረባቸው፤ ሕንጻው በሙሉ ውስጡ ክፍት እንደሆነ ሸምበቆ አንድ ላይ ንፋሱን እንዲቋቋም አደረገ። ሸምበቆ ቀላል ሆኖ ሳለ በንፋስ የማይሰበረው ጥንካሬው በዳሩ ላይ ስለሆነ ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 ቁመቱ የተጠናቀቀው የቺካጎው ሲርስ ታወር እንደዚህ ያሉ ዘጠኝ ቱቦዎች ታስረው የተሠራ ነው። 110 ፎቅና 442 ሜትር ቁመት ሲኖረው፣ ከሃያ ዓመት በላይ የዓለም ረጅሙ ሕንጻ ሆኖ ቆይቷል።

ሌላው ሥራው ግን ለእኛ ይበልጥ ይቀርባል። ከአገራችን ለሐጅ የሚሄዱ ወላጆቻችን በጅዳ አውሮፕላን ማረፊያ የሚያልፉበት የሐጅ ተርሚናል ስትራክቸር የእሱ እጅ አለበት። 210 ግዙፍ የድንኳን ጣሪያዎች አሉት። ከመስታወት ጭረት የተሠራው ጨርቅ አብዛኛውን የፀሐይ ሙቀት ይመልሳል። ሞቃቱ አየር ወደ ላይ ወጥቶ በድንኳኑ ጫፍ ባለው ክፍተት ይወጣል፤ ቀዝቀዝ ያለው ከጎን ይገባል። የበዱ ድንኳን ከዘመናዊ ስሌት ጋር ተገናኘ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 ሥራው የአጋ ኻን የአርክቴክቸር ሽልማት ሲያገኝ ኻን በሕይወት አልነበረም። በ1982 በጅዳ ሳለ በ52 ዓመቱ አርፏል።

ይህ ሰው ፓኪስታናዊ ነው? በፓኪስታን ገንዘብ ተምሯል። ቤንጋሊ ነው? በ1971 ጦርነት ጊዜ በቺካጎ ሆኖ ለቤንጋሊ ወገኖቹ እርዳታ ያስተባብር ነበር። አሜሪካዊ ነው? ዜግነቱ እንደዚያ ሆኖ ሞቷል። እኔ እንደሚመስለኝ ጥያቄው እሱን ያን ያህል አላስጨነቀውም፤ ሁሉንም ነበር። የሚያስጨንቀው ሌላ ነው። በካራቺ ሊሠራ ፈልጎ ለተመለሰ እንደዚህ ላለ ሰው ቦታ አለመገኘቱ። ተማሪ የሚሰደደው አገሩን ስለጠላ ብቻ አይደለም፤ አንዳንዴ አገሩ ለእውቀቱ ጠረጴዛ እንጂ ሥራ ሳይሰጠው ሲቀርም ነው።

4. በግድብ የተነሡት የሚርፑር ሰዎች

ሁሉም ስደተኛ ግን ዶክትሬት ይዞ አልሄደም። በካሽሚር፣ ፓኪስታን በምታስተዳድረው ክፍል፣ ሚርፑር የሚባል አካባቢ አለ። ሕንድና ፓኪስታን እ.ኤ.አ. በ1960 የኢንደስ ወንዝ ውል ሲፈራረሙ ሦስቱ ምሥራቃዊ ወንዞች ለሕንድ፣ ሦስቱ ምዕራባዊ ወንዞች ለፓኪስታን ሆኑ። ፓኪስታን ያጣችውን የመስኖ ውሃ ለመተካት ከምዕራባዊዎቹ አንዱ በሆነው በጀሉም ወንዝ ላይ የማንግላን ግድብ ሠራች። በ1967 ተጠናቀቀ። የድሮው የሚርፑር ከተማና በርካታ መንደሮች ከውሃው በታች ቀሩ። የተነሣው ሕዝብ ከመቶ ሺህ በላይ እንደሆነ ይነገራል።

ከሚርፑር ብዙ ወንዶች ቀደም ብለውም በእንግሊዝ መርከቦች ላይ የከሰል እሳት እያነደዱ ይሠሩ ስለነበር መንገዱን የሚያውቅ ዘመድ ነበራቸው። ብዙዎች የካሳ ገንዘባቸውን ለጉዞ አውለው ወደ ብራድፎርድና በርሚንግሃም ሄዱ። በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የሌሊት ፈረቃ ሠሩ። አልጋው ሳይቀዘቅዝ አንዱ ሲነሣ ሌላው ይተኛበት ነበር። ሐሳባቸው ጥቂት ዓመት ሠርቶ መመለስ ነበር። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1962 በሩን በሕግ ስታጠብ ግን «ዛሬ ከወጣን ተመልሰን አንገባም» ብለው ሚስትና ልጆቻቸውን አስመጡ። መመለሱ በዚያው ቀረ። በመስጂዶቻቸው የቀብር ማኅበር አቋቋሙ፤ ሁሉም በየዓመቱ ያዋጣል፤ ሰው ሲሞት አስከሬኑ ወደ መንደሩ ይላካል። የእኛን እድር የሚያውቅ ሰው ይህ ይገባዋል።

ዛሬ በሚርፑር ከእንግሊዝ በተላከ ገንዘብ የተሠሩ ትልልቅ ቤቶች አሉ፤ ብዙዎቹ ዓመቱን ሙሉ ተቆልፈው ይከርማሉ። ልጆቹ ደግሞ በብራድፎርድ «ፓኪስታናዊ»፣ በሚርፑር «እንግሊዝ» ይባላሉ። ይሁንና ከፓኪስታናውያን ስደተኞች ልጆች መካከል ትልቅ ደረጃ የደረሱ አሉ። የአውቶቡስ ሹፌር ልጅ የሆነው ሳዲቅ ኻን እ.ኤ.አ. በ2016 የለንደን ከንቲባ ሆኖ ተመርጧል። የግድቡ ውሃ በሚጎድልበት ወራት ደግሞ የድሮዋ ሚርፑር ፍርስራሽና መቃብሮች ብቅ ይላሉ፤ ሰዎችም ሄደው ይጎበኛሉ።

ይህን ሳነብ ሁለት ነገር አሰብኩ። አንደኛ፣ እኛ መሐንዲሶች የግድብን ከፍታና ሜጋ ዋት ስናሰላ ከውሃው በታች የሚቀረውን መቃብር የሚያሰላው ማን ነው? ሁለተኛ፣ «ጥቂት ዓመት ሠርቼ እመለሳለሁ» የሚለው ቃል የስንቱ ነበር። ኒያው ጥሩ ነው፤ ግን ቀን ያልተቆረጠለት ኒያ ይሟሟል።

5. ያልወጡት፦ የኦራንጊ ቦይ

«ወጥተው ነው ሰው የሆኑት» ላለው ጓደኛዬ ያለኝ መልስ ኦራንጊ ነው። ኦራንጊ በካራቺ ዳር ያለች ሰፊ የድሆች ሰፈር ናት። ከነዋሪዎቿ መካከል ከ1971 በኋላ ከባንግላዴሽ ተፈናቅለው የመጡ ዑርዱ ተናጋሪዎች ይገኛሉ። የፍሳሽ መስመር አልነበራትም። ቆሻሻው በየመንገዱ ይፈስ ነበር፤ ልጆችም ይታመሙ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1980 አኽተር ሐሚድ ኻን የሚባሉ ሽማግሌ እዚያ ሥራ ጀመሩ። በወጣትነታቸው በእንግሊዝ አስተዳደር የተከበረ ሹመት ነበራቸው፤ በገዛ ፈቃዳቸው ለቀው በቁልፍ ሠሪ ዘንድ ሠራተኛ ሆነው ነበር። በኋላም በምሥራቅ ፓኪስታን፣ በኮሚላ፣ በገበሬዎች ኅብረት ሥራ ታወቁ። በኦራንጊ መጀመሪያ ሕዝቡን ጠየቁ። ሕዝቡም «መንግሥት ይሥራልን» አለ። እሳቸው ወጪውን አስመረመሩ። ከወጪው ትልቁ ድርሻ የኮንትራክተር ትርፍና የተወሳሰበ ዲዛይን ሆኖ አገኙት። ዲዛይኑን አቅልለው፣ የማንሆል መሥሪያ ቅርጽ አሠርተው፣ ቴክኒሺያን መድበው ለነዋሪው አቀረቡ። ከሃያ እስከ አርባ ቤት ያለው አንድ መንደር የራሱን ተወካይ ይመርጣል፤ ገንዘቡን ያዋጣል፤ ቦዩን ራሱ ይቆፍራል። ዋናውን መስመር ብቻ መንግሥት እንዲሠራ ተጠየቀ። በዚህ መንገድ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ቤቶች በራሳቸው ገንዘብ የፍሳሽ መስመር አገኙ።

ከእሳቸው ጋር የሠራችው አርክቴክት ፐርዊን ረሕማንም ከዳካ የመጣች ነበረች። ለብዙ ዓመታት የካራቺን ቦዮችና መንደሮች በካርታ ስታሰፍር ኖረች። መሬትና ውሃ የሚዘርፉ ሰዎችን የሚያጋልጥ ሥራ ነበር። እ.ኤ.አ. በማርች 2013 ከሥራ ስትመለስ በጥይት ተገደለች። አገር ቤት መቆየት ቀላሉ መንገድ ነው የሚል ሰው ካለ ይህችን እህት ያስታውስ።

6. ለእኛ ምን ይላል?

ስለ መሄድና መቆየት ፈትዋ ልሰጥ አልችልም፤ ቦታዬም አይደለም። ያነበብኩት ግን ጥያቄውን ቀይሮብኛል። ፈዝሉር ኻን ወጣ፣ ሥራው ለኡማው ደረሰ። ፐርዊን ቆየች፣ ሥራዋ ለጎረቤት ደረሰ። የሚርፑር ሰዎች ምርጫ አልነበራቸውም፤ በላባቸው ወላጆቻቸውን ጦሩ። ስለዚህ የምጠይቀው «የት ልሁን?» ከማለት በፊት «እውቀቴ ለማን ይደርሳል?» ነው። አጎቴ ሲደውል ይህን ጠየቅሁት። ትንሽ ዝም ብሎ «እኔም ስመጣ ለሦስት ዓመት ነበር» አለኝ። አሥራ ስድስት ዓመት ሆነው።

ስለ ሐልቃው ቋንቋ ግን የምናገረው አለኝ። እኔ ግማሽ ዕድሜዬን በመድረሳ፣ ግማሹን በመንግሥት ትምህርት ቤት ነው ያደግኩት። ኡስታዛችን ዐረብኛውን የሚያብራሩልን እንደየቤታችን ቋንቋ ነበር፤ ሁለት ጊዜ ይደክሙ ነበር፤ አንድም ቀን ግን «ተውት፣ ዋናው እስልምና ነው» አላሉንም። ዋናው እስልምና ስለሆነ ነው የደከሙት። ስለዚህ ሐሳቤ ይህ ነው፦ የጋራው ደርስ ባለበት ይቀጥል፤ ከሱ ቀጥሎ ግን ወንድሞችና እህቶች በየቋንቋቸው የሚረዱበት ግማሽ ሰዓት ይጨመር። አስተማሪ ከጠፋ እንፈልግ። ሁለቱ ወንድሞቻችንም አብረው እንዲያዘጋጁት እጠይቃቸዋለሁ። ዳካ ውስጥ በ1948 እንዲህ ያለ ትንሽ ነገር ተደርጎ ቢሆን ኖሮ ምን ይፈጠር እንደነበር አላህ ያውቃል።

ለሐልቃ መወያያ፦
ሀ) ወንድምነትን ጠቅሰን የአንድን ሰው አቤቱታ ዝም ያሰኘንበት ጊዜ አለ?
ለ) የትምህርት ክፍላችሁ እውቀት በሰፈራችሁ የትኛውን ችግር ያለ መንግሥት በጀት ሊያቃልል ይችላል?
ሐ) ለመሄድ ያሰባችሁ፣ የምትመለሱበት ቀን ተቆርጧል?

አላህ እውቀታችንን ጠቃሚ፣ ሪዝቃችንን ሐላል፣ ልቦቻችንን የተዋደዱ ያድርግልን። በአገርም በባዕድም ያሉ ወገኖቻችንን ይጠብቅልን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱሁ።